ሰዓት አንገቷ ላይ አስራ የዋኘችው ሴት

«የአባቴ ሰዓት ጀርባው ላይ ዋተርፕሩፍ ይላል። አድርጌው ብዋኝ ችግር አለው?» የሚል ጥያቄ ኢንቦክስ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አጭሩ መልስ «ተው፣ አትዋኝበት» ነው። ለምን? እስኪ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

ሜርሴዲስ ግላይትዝ ለንደን ውስጥ በታይፒስትነት የምትሠራ ወጣት ነበረች። እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን ባሕር፣ ኢንግሊሽ ቻናልን፣ 7 ጊዜ ሞክራ አቃታት። በ8ኛው፣ ኦክቶበር 7 ቀን 1927 እ.ኤ.አ.፣ 15 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ዋኝታ ተሻገረችው። ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ እንግሊዛዊት ሴት ናት።

ደስታዋ ግን አልቆየም። ዶሮቲ ሎጋን የምትባል ሐኪም በዚያው ሳምንት «እኔ ከእሷ ፈጥኜ ተሻገርኩ» አለች፤ ቆይታ ደግሞ ውሸት መሆኑን ራሷ አመነች። በዚህ መሀል ሰው የግላይትዝንም መጠራጠር ጀመረ። እሷም «እንግዲያው እንደገና እዋኛለሁ» ብላ ኦክቶበር 21 ባሕር ገባች።

የሮሌክሱ መሥራች ሃንስ ዊልስዶርፍ ይህን ዕድል አላሳለፈውም። በ1926 ኦይስተር የሚባል ሰዓት አውጥቶ ነበር። ጀርባው በጥርስ ይታሰራል፣ መሙያውም እንደ ጠርሙስ ክዳን ተጠምዝዞ ይዘጋል። አንዱን ለግላይትዝ ሰጣት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሰዓቱን ያሰረችው እጇ ላይ ሳይሆን አንገቷ ላይ ነው። ዋናውም አልተሳካም፤ ውኃው በጣም ቀዝቅዞ ስለነበር ከ10 ሰዓት በላይ ታግላ በጀልባ አወጧት። ሰዓቱ ግን እየሠራ ነበር። ዊልስዶርፍ ኖቬምበር 24 የዴይሊ ሜይል ጋዜጣን የፊት ገጽ ገዝቶ ወሬውን ለዓለም አዳረሰ። «ሰዓት ይዞ መዋኘት ይቻላል» የሚለው እምነት በሰፊው የተተከለው ያኔ ነው።

ልብ በሉ፤ ያ ሰዓት አዲስ ነበር። ጉዳዩም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

የጥንቶቹ ኦይስተሮች በእጅ የሚሞሉ ነበሩ። ስለዚህ መሙያው በየቀኑ ይፈታል፣ ይታሰራል፤ ጥርሱም ቀስ በቀስ ይበላል። ሮሌክስ በ1931 በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ሰዓት ሲያወጣ አንዱ ጥቅም ይኸው ነበር፦ መሙያውን ደጋግሞ መክፈት ቀረ። በ1953 ደግሞ ብላንፓን ለጠላቂዎች ፊፍቲ ፋተምስን ሠራ፤ ስሙ ወደ 91 ሜትር ገደማ ጥልቀት ማለት ነው።

የጎማው እርጅና ግን ለማንም አልቀረም። ውኃውን የሚከለክለው ስስ የጎማ ቀለበት ነው። ሰዓቱ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ ጎማው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የፕላስቲኩ መስታወትም ከዘመን ብዛት ይላላል። አሜሪካኖቹ ነገሩ ስለገባቸው የንግድ ኮሚሽናቸው በ1960ዎቹ «ዋተርፕሩፍ» የሚለውን ቃል ከልክሎ «ዋተር ረዚስታንት» በሉ አለ። ማለትም፦ ይቋቋማል እንጂ ፈጽሞ አያስገባም አይባልም።

«30 ሜትር» የሚለውም ቢሆን 30 ሜትር ጥለቅበት ማለት አይደለም። ሰዓቱ አዲስ ሳለ፣ በረጋ ሁኔታ፣ ያን ያህል ግፊት ቻለ ማለት ነው። በ1963 የወጣውና እኛ ዘንድ ስመ ጥሩው ሴኮ ፋይቭ፣ ከአምስቱ ነገሮች አንዱ ውኃ መቋቋም ነው። ግን የአባትህ ሴኮ የዛሬ 50 ዓመት የገባልህን ቃል ዛሬ ሶደሬ ፍል ውኃ ውስጥ አትፈትነው። ሙቀት ደግሞ ለጎማ ጠላት ነው።

የግድ ውኃ ይንካው ካልክ፣ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወስደህ ጎማዎቹን አስቀይር፣ በአየር ግፊት አስፈትሽ። ያኔም ለዝናብና ለእጅ መታጠብ እንጂ ለዋና አልመክርህም። ከመስታወቱ ውስጥ ጉም ካየህ ነገ አትበል፤ በዚያው ቀን አስከፍተው። ዝገት ቀጠሮ አይጠብቅም።

አዲስ ሰዓት ይገዛል። አባትህ እጁ ላይ ያሰረው ግን አንድ ብቻ ነው።

እናንተስ ቤት የቀረ የድሮ ሰዓት አለ? ፎቶውን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ጀርባውን አብረን እናንብበው።