የብረታ ብረት ወርክሾፕ በመኖሪያ ግቢ፦ ከመሠረቱ በፊት ሊታቀድ የሚገባው

በር፣ መስኮት፣ ጋሪና የብረት ጎተራ የሚሠሩ ብዙ ትናንሽ የብረታ ብረት ወርክሾፖች የሚጀምሩት በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ነው። አጀማመራቸውም ይመሳሰላል። መጀመሪያ የብየዳ ማሽን ይገዛል፤ ቀጥሎ አራት ቋሚ ይተከልና ቆርቆሮ ይመታበታል። ወለሉ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና የጢሱ መውጫ የሚታሰቡት ደንበኛ መምጣት ከጀመረ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ዘግይቶ ለማስተካከል ከሁሉም የሚከብዱት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ቆርቆሮ ተነቅሎ እንደገና ሊመታ ይችላል፤ ያለቦታው የፈሰሰ ኮንክሪት ግን ያለ ዲጂኖ አይነሳም።

መለኪያው የብረቱ ርዝመት ነው

አንድ ሰው ወርክሾፕ ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያህል ቦታ አለኝ?» ብሎ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ግን «የምሠራበት ብረት ስንት ሜትር ነው?» የሚለው ነው። ቱቦላሬ በገበያ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው በ6 ሜትር ርዝመት ሲሆን፣ የአርማታ ብረት ደግሞ 12 ሜትር ነው። 4 በ4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 6 ሜትር ቱቦላሬ ማዞር አይቻልም። ስለዚህ ሠራተኛው ብረቱን በግቢው መካከል ወይም በመንገድ ዳር ለመቁረጥ ይገደዳል። ልጆች በሚጫወቱበት ሥፍራ ፍንጣሪ የሚበተነው እንዲህ ባለ ምክንያት ነው።

6 ሜትር ብረት መቁረጫ ማሽን ላይ ሲጋደም በአንዱ በኩል 6 ሜትር፣ በሌላው በኩል ደግሞ ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል የሚያርፍበት 3 ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። በዚህ ስሌት የወርክሾፑ ቁመት 9 ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ግቢው ይህን ያህል የማይፈቅድለት ሰው መቁረጫውን ከበሩ ትይዩ ማስቀመጥ ይችላል። በሩ ሲከፈት ብረቱ ጫፉን ወደ ውጭ አውጥቶ ይቆረጣል። መቁረጫው የሚያርፍበት ጠረጴዛና የብረት ማስደገፊያው ከፍታ እኩል ካልሆነ ግን ቦታው ቢኖርም ቁርጡ ይጣመማል።

ይኸው የ6 ሜትር ሕግ ለሕንፃው ለራሱም ያገለግላል። ለምሳሌ 9 ሜትር ቁመትና 5 ሜትር ስፋት ያለው ወርክሾፕ በየ3 ሜትሩ ቋሚ ቢተከልለት በሁለቱ ጎን 8 ቋሚዎች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ቋሚ 3.5 ሜትር እንዲሆን ከተወሰነ 8 ሙሉ ብረት ይገዛል፤ ከእያንዳንዱም 2.5 ሜትር ይተርፋል። ቋሚው 3 ሜትር ሆኖ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የኮንክሪት እግር ላይ ቢቆም ግን 4 ብረት ብቻ ይበቃል። የግድግዳው ከፍታም 3.3 ሜትር ይሆናል። የብረቱ እግር ከእርጥብ ወለል መራቁ ደግሞ ትርፍ ጥቅም ነው፤ የብረት ቋሚ ቀድሞ የሚዝገው መሬት በሚነካበት ቦታ ነውና።

ባለሙያዎች ትራስ በሚሉት የጣሪያ አጥንት ላይም ሒሳቡ ያው ነው። ለ5 ሜትር ስፋት ጣሪያው በመካከል 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ የእያንዳንዱ ተዳፋት ርዝመት ከ40 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ጋር 3 ሜትር ይመጣል። አንድ ብረት ለሁለት ተቆርጦ ሁለቱን ተዳፋት ይሸፍናል። ለታችኛው አግዳሚ 5 ሜትር ሲቆረጥ የምትተርፈው 1 ሜትርም ለውስጥ ድጋፍ ትውላለች። ቆርቆሮውም በ3 ሜትር ተቆርጦ ከታዘዘ በመካከል መጋጠሚያ ስለማይኖረው የሚያፈስበት ቦታ ይቀንሳል። የቱቦላሬው ስፋትና የላሜራው ውፍረት ግን በግምት የሚመረጥ አይደለም፤ ይህን የመዋቅር መሐንዲስ ይወስነዋል።

ከጭድ ክምሩና ከማድ ቤቱ ምን ያህል ይራቅ?

የግራይንደር ፍንጣሪ እስከ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊጓዝ ይችላል። በገጠር ግቢ ውስጥ በዚህ ርቀት ምን እንዳለ መቁጠር ብቻ በቂ ነው፤ የጭድ ክምር፣ የኩበት ቁልል፣ የሣር ክዳን ያለው ማድ ቤት፣ አንዳንዴም የንብ ቀፎ ይገኛል። ፍንጣሪ ጭድ ውስጥ ሲገባ ወዲያው አይነድም። ውስጥ ለውስጥ ጨሶ፣ ሠራተኛው ዕቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ሊቀጣጠል ይችላል። የአንድ ዓመት የከብት መኖ በአንድ ምሽት የሚያልቀው እንዲህ ነው። ስለሆነም ወርክሾፑ ከክምሩ ከ10 ሜትር በላይ መራቅ አለበት፤ ከሥራ በኋላም ለአንድ ሰዓት ያህል አካባቢውን የሚቃኝ ሰው ያስፈልጋል።

ርቀቱ ብቻ ሳይሆን የነፋሱ አቅጣጫም ይታያል። ገበሬ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ በአውድማ ላይ ምርት ሲያዘራ ያውቀዋል፤ ይህንን ዕውቀት ለወርክሾፑ ቦታ መረጣም ሊጠቀምበት ይገባል። ወርክሾፑ ነፋሱ ከቤት ወደ እርሱ በሚነፍስበት በኩል ቢሆን ጢሱና ፍንጣሪው ከቤተሰቡ ይርቃል።

የበሩ ፊት ሌላው ጉዳይ ነው። የብየዳ ብርሃን ዓይንን የሚጎዳው በያጁን ብቻ አይደለም፤ አሻግሮ የሚያይ ሕፃንንም ይጎዳል። ሕመሙ በዚያው ሰዓት አይሰማም። ከሰዓታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል። በሩ ወደ መኖሪያ ቤቱ ደጃፍ ወይም ወደ መንገድ እንዳይከፈት ማድረግ፣ ይህ ካልተቻለም የብየዳውን ጠረጴዛ በላሜራ መከለል ወጪው ትንሽ ነው።

የቤቱ ረጅም ጎኖች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢያዩ ይመረጣል። በአገራችን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ብዙም አትርቅም፤ ዓይን የምትወጋው ጠዋትና ማታ ከምሥራቅና ከምዕራብ ዝቅ ብላ ስትገባ ነው። መስኮቶቹን በረጅሞቹ ጎኖች ማድረግ ብርሃኑን ሰጥቶ ሙቀቱን ይቀንሳል።

ፈቃድ

በከተማ ለሚሠራ ወርክሾፕ ማዘጋጃ ቤት የሚኬደው ፕላኑ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲወጣ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ባለ አንድ ፎቅ ሆነው በቋሚዎቻቸው መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጡትን በምድብ «ሀ»፣ የፋብሪካና የወርክሾፕ ሕንፃዎችን ግን በምድብ «ሐ» አስቀምጧቸው ነበር። ይህ ማለት ወርክሾፕ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም አገልግሎቱ ከፍ ወዳለ ምድብ ሊያወጣው ይችላል ማለት ነው። ምድቡ ከፍ ሲል የሚጠየቀው ፕላንና ክትትልም ይጨምራል። ሕንፃውን በወረቀት ላይ «ዕቃ ቤት» ብሎ ማስመዝገብ ለጊዜው የሚያቃልል ቢመስልም፣ ጎረቤት በድምፅና በጢስ አቤት ባለ ቀን ባለቤቱን ያለ መከራከሪያ ያስቀረዋል። በሥራ ላይ ያለውን ደንብና የቦታውን የተፈቀደ አገልግሎት ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይበጃል። በገጠርም የይዞታውን አጠቃቀም በተመለከተ የወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል።

መሠረት፣ ወለልና ጣሪያ

እንደ ፎገራ ሜዳ ባለ ጥቁር የመረሬ አፈር ላይ የሚሠራ ሰው ጠላቱ ነፋስ ሳይሆን ራሱ መሬቱ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ያረፈ ወለልም አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። ጥቁሩ አፈር ተዝቆ በገረጋንቲ ይተካል፤ ገረጋንቲውም በየንጣፉ ይጠቀጠቃል። ጥልቀቱን አፈሩን ያየ ባለሙያ ይወስናል። ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከመሠረቱ እንዲርቅ ካልተደረገ ግን ገረጋንቲውም አያድንም።

ወለሉ በተጠቀጠቀ ድንጋይ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ቢሆን ይበቃል። ለ45 ካሬ ሜትር 4.5 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ማለት ሲሆን፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና ሦስት እጅ ጠጠር ቢደባለቅ 32 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ይፈልጋል። ወደ በሩ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ቢሄድ ውኃ አይተኛበትም። ለ7 ቀናት ውኃ ማጠጣቱ የሚዘለል ሥራ አይደለም።

ጣሪያውን በሚመለከት ብዙ ጊዜ የሚረሳው የነፋስ ማንሣት ነው። በአንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ነፋስ ገብቶ ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ቆርቆሮው በክብደቱ የሚቀመጥ መስሎ ቢታይም የሚይዘው ማሰሪያው ብቻ ነው። በክፈፉና በጫፎቹ ዙሪያ ማሰሪያው መብዛት፣ ቋሚዎቹም በኮንክሪቱ ውስጥ በተቀበረ ቡለን መታሰር አለባቸው። በማዕዘኖቹ ላይ አግድም ሰያፍ ብረት ካልገባ ደግሞ ሕንፃው በሙሉ እንደ ክብሪት ቀፎ ይዘማል። ቆርቆሮ ሲመረጥ የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ማስታወስ ይገባል፤ 35 ከ28 የቀጠነ ነው።

በደጋ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ በውስጥ በኩል ጤዛ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ያልተቀባ ብረት ወለል ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ በተሠራ መደርደሪያ ይቀመጣል።

ጢሱ በየት ይወጣል?

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጢስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል፤ ምልክቱ ከወባ ጋር ሊምታታ ይችላል። በሠራተኞች ዘንድ ወተት መጠጣት ጢሱን ያጥባል የሚል እምነት አለ። ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ጢሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። መፍትሔው ያለው ሕንፃው ላይ ነው። ጢስ ሞቃት ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ በጣሪያው ጫፍ ላይ ዝናብ የማያስገባ ክፍተት፣ በግድግዳው ታች ደግሞ ንጹሕ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይተዋል። ዚንክ ያለው ብረት ግን ልባጡ ተፍቆ፣ ከተቻለም ውጭ ቢበየድ ይሻላል።

ኤሌክትሪክ

6,000 ዋት የሚወስድ የብየዳ ማሽን በ220 ቮልት መስመር ላይ 27 አምፔር ያህል ይስባል። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ይፈልጋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ 43 አምፔር ማለት ነው፤ ለመኖሪያ ቤት የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ሲሸከም ይግላል፣ የጎረቤትም መብራት ይደበዝዛል። ወርክሾፑ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ብሬከርና የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል። የሽቦውን ውፍረት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን በርቀቱ ልክ ያሰላዋል። ሥራው የሚሰፋ ከሆነ ስለ ባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት አገልግሎት ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ሕንፃው ሁለመናው ብረት ሲሆን አንድ የተላጠ ሽቦ ቋሚውን ቢነካ በሩም ግድግዳውም ኤሌክትሪክ ይይዛል። ከውጭ እጁን የሚያሳርፍ ልጅ ይህን አያውቅም። ስለዚህ የሕንፃው አካል በምድር ሽቦ ወደ መሬት ይታሰራል፤ ሲያፈስ የሚያቋርጥ መከላከያም ይገጠማል።

ኦክስጅንና አሴቲሊን የሚጠቀም ወርክሾፕ ሲሊንደሮቹን አቁሞ በሰንሰለት ያስራል፤ ከፀሐይ ያርቃል፤ የኦክስጅኑን ቧንቧ ዘይት ወይም ግራሶ አያስነካም።

የሥራው ወቅት

የመሠረት ቁፋሮ ዝናቡ ካቆመና አፈሩ ከደረቀ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ቢሠራ ጣሪያው ከሰኔ በፊት ለመዘጋት በቂ ጊዜ ያገኛል። ነገር ግን ይህ ወቅት ምርት ተወቅቶ ጭዱ የተከመረበት፣ ግቢውም ሁሉ ደረቅ የሆነበት ነው። የሕንፃው አጥንት የሚበየደውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስለሆነም ውኃ የሞላ በርሜልና የአሸዋ ክምር ከመጀመሪያው ብየዳ በፊት በቦታው መገኘት አለበት፤ ትራሱም የሚበየደው ክምሩ በሌለበት የግቢው ጎን መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ካለቀ በኋላ ወደ ላይ ተነሥቶ በቡለን ይታሰራል።