ሰው ተኮር ኮምፒውተር በኢትዮጵያ

ሰው ተኮር ኮምፒውተር የሚባለው መሣሪያው የተጠቃሚውን ቋንቋ፣ ዐቅምና አኗኗር እንዲከተል ተደርጎ የሚሠራበት አካሄድ ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከፊደል ተነሥቶ አሁን ወደ ድምፅ እያመራ ይመስላል።

አጀማመር

የግዕዝን ፊደል መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ያዋለው ማን እንደሆነ ስምምነት የለም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየፊናቸው ሶፍትዌር ይሠሩ ነበር። አንዳንዶች ቀዳሚነቱን ለፍስሐ አጥላው፣ ሌሎች ደግሞ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ለሆኑት ለዶ/ር አበራ ሞላ ይሰጣሉ። ክርክሩ ያልተቋጨው ፊደሉን በስክሪን ማሳየት፣ ማተም ወይስ ለገበያ ማቅረብ እንደ ጅማሬ ይቆጠር የሚለው ስላልለየ ሊሆን ይችላል።

ፊደሉ ከ200 በላይ ቅርጾች ስላሉት ለእያንዳንዱ የራሱን ቁልፍ መስጠት አልተቻለም። የተለመደው መፍትሔ ተነባቢውን ከአናባቢ ጋር ማጣመር ነው፦ የላቲኑ «ኤል» (L) ተመትቶ «ኤ» (A) ሲከተል «ላ»፣ «ኦ» (O) ሲከተል «ሎ» ይወጣል። ሶፍትዌሮቹ የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ መስፈርት ዩኒኮድ 3.0 በ1999 እ.ኤ.አ. ለፊደሉ 345 ምልክቶችን ሲመድብ ችግሩ ቀስ በቀስ ቀለለ።

ድምፅ

ማንበብ ለማይችል ሰው ግን የፊደሉ መግባት ብቻውን ብዙም አይፈይድም። በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት የተጀመረው 8028 የተባለው የስልክ መስመር ለዚህ ችግር እንደ መፍትሔ ይጠቀሳል። ገበሬው በተራ ስልክ በነፃ ይደውላል፣ ቋንቋውንና ሰብሉን በቁጥር ይመርጣል፣ የተቀዳውን ምክር ያደምጣል።

ቀጣዩ እርምጃ ደዋዩ ቁጥር ሳይነካ በገዛ አነጋገሩ ጠይቆ መልስ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ለዚህ ኮምፒውተሩን ንግግር የሚያስለምድ የተቀዳ ድምፅ ያስፈልጋል። ተመራማሪው ሰሎሞን ተፈራ አባተ ከባልደረቦቹ ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የአማርኛ የንግግር ክምችት 20 ሰዓት ገደማ ነበር። ተናጋሪዎቹ ያነበቡት የዜና ጽሑፍ በመሆኑ ከገበያና ከማሳ ወሬ የሚርቅ ይመስላል።

ይፋት

እንዲህ ያለው አገልግሎት የማንን ቋንቋ ይናገራል የሚለው ጥያቄ በይፋት ይታያል። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው በዚህ ቆላ ማሽላና ማሾ ይመረታሉ። በይፋት ከአማርኛ ጎን አርጎብኛም ይነገራል። 8028 የተጀመረው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ሲሆን አርጎብኛ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።