ከሐይቅ ገዳም እስከ ወሎ ወዳጃ፤ የዕፀዋትና የማስታወስ ኃይል ታሪክ

በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ለረዥም ዘመን ሁለት ዓይነት የሌሊት ትጋት ኖሯል። አንደኛው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተማሪው ትጋት ነው፤ ሁለተኛው በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ወዳጃ የሚባለው፣ በቡናና በጫት የሚታጀበው የዱዓ ጉባኤ ነው። ሁለቱም እንቅልፍን ድል መንሣት ይሻሉ። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ሕዝቡ አእምሮን ያነቃሉ፣ ትምህርትን ያሲዛሉ በሚላቸው ዕፀዋት ላይ ያለው እምነት ከምርምር ውጤት ጋር የት እንደሚስማማና የት እንደሚለያይ መመርመር ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በመጀመሪያ ጫትን እንመልከት። በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት ሊተክልበት እንደ ፎከረ ይተርካል። ስለዚህ ቅጠሉ በዚያ ዘመን በሙስሊሞች ዘንድ የታወቀና የተወደደ ነበር። በአውሮፓ ግን ተክሉ በሳይንስ የተመዘገበው ስዊድናዊው ፎርስኮል በየመን ከሞተ በኋላ፣ በ1775 በታተመው መጽሐፉ ነው። ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን መሆኑ የታወቀው ደግሞ በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ነው። ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው መልእክት አስተላላፊ እንዲበዛ ያደርጋል፤ ቅጠሉ ሲደርቅም ወደ ደካማ ንጥረ ነገሮች ይለወጣል። ቃሚው እርጥቡን የሚመርጥበት ምክንያት ይኸው ነው። በዚህ ረገድ የሕዝቡ ልምድና የቤተ ሙከራው ውጤት ይስማማሉ።

በአስተናግር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አጤ ፋሪስ እየተባለም የሚጠራው ይህ ተክል በየመንገዱ ዳርና በየፍርስራሹ ይበቅላል። በቤተ ክህነት ተማሪዎች ዘንድ አብሾ የሚባለውና ከዚህ ተክል ጋር የሚያያዘው መጠጥ አእምሮን ይከፍታል፣ የሰሙትን ሁሉ ያሲዛል ይባልለታል፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን ያሳብዳል ይባላል።

ይህን እምነት ታሪክም ሳይንስም አይደግፉትም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ መጥተው እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1292 ድረስ ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከነዚሁ አንዱ ነበሩ። አስተናግር ግን አብዛኞቹ የዕፀዋት ሊቃውንት እንደሚሉት የአሜሪካ ተክል ሲሆን ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረው ከ1492 በኋላ ነው። እንግዲህ የሐይቅ ትምህርት ያበበው ያለ አስተናግር ነው ማለት ነው።

ከሳይንስ በኩል ደግሞ፣ በተክሉ ውስጥ ስኮፖላሚንና አትሮፒን ይገኛሉ። እነዚህም አሴቲልኮሊን የተባለው የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ሥራውን እንዳይሠራ ያግዳሉ። በ1974 ድራክማንና ሌቪት የተባሉ ተመራማሪዎች ለጤናማ ወጣቶች ስኮፖላሚን ሰጥተው ሲፈትኑ፣ ወጣቶቹ አዲስ ነገር መያዝ ተስኗቸው እንደ ሽማግሌ ሲዘነጉ አገኟቸው። ስለዚህ አስተናግር የማስታወስን ኃይል ያዳክማል እንጂ አያጠነክርም። መጠኑ ሲበዛ አፍን ያደርቃል፣ የዓይንን ብሌን ያሰፋል፣ ልብን ያስደነግጣል፣ ያስቀባዥራል፤ ሕይወትንም እስከ ማጥፋት ይደርሳል። የተክሉ ስም ራሱ «የሚያስለፈልፍ» የሚል ትርጉም ያዘለ በመሆኑ፣ ስሙን ያወጣው ሰው ይህን ጠባዩን ሳያስተውል አልቀረም።

ከዚህ ላይ ዕፀዋት ሁሉ ለአንጎል ጠንቅ ናቸው ማለት እንዳልሆነ መታወቅ ይገባል። ከበረዶ አበባ ወገን የተገኘው ጋላንታሚን የአስተናግርን ተቃራኒ ይሠራል፤ አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ይከላከላል። በ2001 በአሜሪካ ለአልዛይመር በሽታ መድኃኒትነት ተፈቅዷል፤ ሆኖም የበሽታውን ምልክት ለጊዜው ያቀላል እንጂ በሽታውን አያድንም።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት መንቃትና ማስታወስ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ጫት ያነቃል፤ ነገር ግን የተማሩት ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ስለሆነ፣ ለፈተና ሲል ሌሊቱን በጫት የሚያነጋ ተማሪ በአንድ እጁ የያዘውን በሌላው ይጥላል። በአብሾ የሚታመን ተማሪ ደግሞ ሊያዳብረው የፈለገውን ኃይል ራሱን ይመርዛል። የአብነት ትምህርት ቤት እውነተኛ መድኃኒት በየቀኑ የሚደጋገመው የቃል ትምህርት ነው፤ ይህም ከማንኛውም ቅጠል ይልቅ የተፈተነና የታመነ ነው።