ባዶው መቃ እና የማይደበዝዘው ቀለም

በእጅ የሚሠራ እስክሪብቶ እንዴት እንደሚዘጋጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባለሙያው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ መሃሉን ይበሳል፣ ቀጭን የናስ ቱቦ በማጣበቂያ ያስገባበታል፣ ከዚያ በቶርኖ እያሽከረከረ ቅርጽ ያስይዘዋል። ፕላስቲኩ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ግን ናሱም ማጣበቂያውም ከውስጥ ይታያሉ። ስለዚህ ቱቦውን አስቀድሞ ቀለም ይቀባዋል።

አሁን ወደ ሰቆጣ እንምጣ። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ከአለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አለ። እንዲህ ባሉ የደጋ አብያተ ክርስቲያናት የሚነበቡትን የብራና መጻሕፍት የጻፈው ብዕር ቱቦም ቅብም አልነበረውም። መቃ ነው፤ መቃ ደግሞ በተፈጥሮው ባዶ ቱቦ ነው። ቁም ጸሐፊው ጫፉን በቢላ አሹሎ መሃሉን ይሰነጥቀዋል። ቀለሙ በስንጥቁ በኩል ራሱ ወደ ብራናው ይሳባል። ለጥቁሩና ለቀዩ የተለያየ ብዕር ይያዛል፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መጀመሪያ ነው። የቀለም ዕቃው ደግሞ ቀንድ ነው።

እንግዲህ ልፋቱ ሁሉ ያለው ብዕሩ ላይ ሳይሆን ቀለሙ ላይ ነው። ጥቁሩ ቀለም የሚጀምረው ከጥቀርሻ ነው። ከምጣድና ከድስት ቂጥ የተፋቀው ጥቀርሻ፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር በውሃ ተቀላቅሎ ለወራት እንዲብላላ ይተዋል። ለምን ጥቀርሻ? ጥቀርሻ በአብዛኛው ካርቦን ነው። የብዙ እስክሪብቶዎች ቀለም ብርሃን ሲያገኘው ሞለኪውሉ ይሰባበርና ይደበዝዛል፤ ካርቦንን ግን ፀሐይ አትነካውም። በአውሮፓ ለዘመናት የተሠራበት ከብረት ጨው የሚዘጋጅ ቀለም ደግሞ አንዳንዴ የተጻፈበትን ገጽ ራሱን ይበላዋል። የካርቦን ቀለም ይህ ጠባይ የለውም። ድክመቱ ሌላ ነው፦ ላይ ላዩን ስለሚቀመጥ በውሃ ሊታጠብ፣ በቢላም ሊፋቅ ይችላል።

ይህ ቀላል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በድሮ ጊዜ የመሬት ስጦታና ውል በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ነበር። ቀለሙ ከጠፋ የአንድ ቤተሰብ ርስት ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። ቢፋቅ ግን ብራናው ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ አጭበርባሪው ይጋለጣል ማለት ነው። ዕድሜውን ለመገመት ደግሞ አድዋ አጠገብ ያሉትን የአባ ገሪማ ወንጌሎች አስቡ። ብራናቸው በካርቦን 14 ሲለካ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ ይወድቃል። ጽሑፉ ዛሬም ይነበባል።

አሁን ፋብሪካ የሠራው ቀለም በርካሽ ስለሚገኝ ጥቀርሻ ፍቆ ወራት የሚጠብቅ ሰው እያነሰ ነው። ሙያው ደግሞ ከመምህር ወደ ተማሪ በእጅ የሚተላለፍ ነው፤ አንድ ትውልድ ከዘለለው መልሶ ማግኘቱ ከባድ ነው።

እናንተም መሞከር ትችላላችሁ። ትንሽ ጥቀርሻ በውሃ ከሟሟ የግራር ሙጫ ጋር አሹ። ትልቅ ሰው መቃ ይቅረጽላችሁና ስማችሁን ጻፉ፤ ከሥሩ በእስክሪብቶ ድገሙት። ወረቀቱን ግማሹን ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አስቀምጡት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሽፋኑን አንሱና ሁለቱን ስሞች አወዳድሩ።