ደመወዝ ሳይቋረጥ የተጀመረ ንግድ

የንግድ ትምህርት ቤቶች ሥራ ፈጣሪ ለማፍራት ሲያስቡ ቀድመው የሚያነሡት የሥርዓተ ትምህርቱን ነገር ነው። የአሜሪካ የማታ ትምህርት ታሪክ ግን ለሠራተኛው ተማሪ ከትምህርቱ ዓይነት የበለጠ የጠቀመው የትምህርቱ ሰዓት እንደሆነ ያሳያል። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤቱን በ1900 እ.ኤ.አ. ሲከፍት፣ ኖርዝዌስተርንም በ1908 ቺካጎ ላይ የማታ ክፍል ሲጀምር፣ ሥራ ፈጠራ የሚባል ነገር አልታሰበም። የከተሞቹ የሒሳብ አዋቂዎችና ነጋዴዎች የፈለጉት የተሻለ ተቀጣሪ ነበር።

ውጤቱ ግን ከታሰበው አለፈ። በልጅነቱ ወላጆቹን ያጣው አርተር አንደርሰን ቀን በሒሳብ ሥራ ተቀጥሮ እየዋለ ማታ ኖርዝዌስተርን ይማር ነበር፤ ቆይቶም እዚያው አስተማረ። የራሱን የሒሳብ ምርመራ ድርጅት ከሸሪኩ ጋር በ1913 ሲያቋቁም ገና 28 ዓመቱ ነበር። ዲግሪውን የተቀበለው ግን በ1917 ነው። ሰውየው ድርጅት ለመክፈት ምረቃውን አልጠበቀም፤ ለመማርም ሥራውን አልለቀቀም።

እንዲህ ያለ ጎበዝ ባይማርም ይሳካለት ነበር የሚል አይጠፋም። ጉብዝናው አይካድም፤ ሆኖም ያለ ደመወዝ የሚኖርበት ጥሪት ያልነበረው ወጣት ትምህርቱ በቀን ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ከደጁ ይመለስ ነበር። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ሥራ ፈጠራ ራሱን ችሎ የተሰጠው በቀን ትምህርት ነው። እውነት ነው፤ ማይልስ ሜስ በ1947 ሃርቫርድ ላይ አዲስ ድርጅት ስለመምራት ማስተማር ሲጀምር 188 ተማሪዎች ገብተዋል። የናይኪ መሥራች ፊል ናይትም የጃፓን ጫማ የማስመጣት ሐሳቡን የጻፈው በስታንፎርድ የአነስተኛ ንግድ ክፍል ውስጥ ነው። ይሁንና በ1964 ከአሠልጣኙ ቢል ባወርማን ጋር 500፣ 500 ዶላር አዋጥተው ሲጀምሩ ንግዱ ሊያኖረው አልቻለም። እስከ 1969 ድረስ ኑሮውን የደጎመለት በሒሳብ ሥራና በማስተማር የሚያገኘው ደመወዝ ነው፤ ጫማውን በመኪናው ጭኖ በሩጫ ሜዳዎች እየዞረ የሚሸጠው ከዚያ በተረፈው ጊዜ ነበር። ሐሳቡን ትምህርት ቤት ሰጠው፤ ንግዱ እስኪጠና ያቆየው ግን ደመወዙ ነው።

ስለዚህ ሠራተኛ ተማሪዎቹን ወደ ንግድ ለማሰማራት የሚሻ ትምህርት ቤት አዲስ ኮርስ ከመጨመሩ በፊት የጊዜ ሰሌዳውን ይመርምር። ተማሪው እንጀራውን ሳያጣ የሚማርበትንና የሚሞክርበትን ሰዓት ያመቻችለት።