ከበሶ እስከ ቦምቦሊኖ፦ የመክሰሳችን ታሪክ

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታት ግብር ብዙ ይነግሩናል። ስንት ሠንጋ እንደ ወደቀ፣ ስንት ጋን ጠጅ እንደ ተቀዳ፣ ማን በማን ቀኝ እንደ ተቀመጠ ተጽፏል። በምሳና በእራት መካከል በልጅ መዳፍ ላይ የምትደረገው እፍኝ ቆሎ ግን ጸሐፊ አላገኘችም። ታሪክ ስለሌላት አይደለም። ታሪኳ ያለው በግምጃ ቤት መዝገብ ሳይሆን በጓዳ፣ በምጣዱና በሌማቱ፣ ይልቁንም በየዕለቱ በምንጠራቸው የመክሰስ ስሞች ውስጥ ነው።

ዛሬ በከተማ «ፈጣን መክሰስ» ሲባል ከውጭ የመጣ ነገር የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። እስቲ በሶን እንመልከት። በሶ ለመጨበጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዱቄቱ ላይ ጥቂት ውሃ፣ ጥቂት ጨው፣ ከተገኘም ማር ወይም ቅቤ ጠብ ማድረግ ነው። እሳት አያስፈልገውም። ከዚህ የፈጠነ ምግብ ከየት ይመጣል? ይሁን እንጂ ያቺ አምስት ደቂቃ ከመምጣቷ በፊት ገብሱ ተለቅሟል፣ ተፈትጓል፣ ተቆልቷል፣ ተፈጭቷል፣ ተነፍቷል። በድንጋይ ወፍጮ ዘመን ይህ ሁሉ የአንዲት ሴት የቀናት ድካም ነበር። ስለዚህ ፍጥነቱ የተቀመጠ ድካም ነው ማለት ይቻላል። ገንዘብ በሣጥን እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ የባለሙያዋ ጉልበት በበሶው ስልቻ ውስጥ ተቀምጦ ይቆይና እንግዳ ሲደርስ ወይም ልጅ ሲርበው ይመነዘራል።

ቆሎም፣ የኦሮሞ እናቶች ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚያዘጋጁት ጭኮም፣ ዳቦ ቆሎም በዚሁ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። ሁሉም ሳይበላሹ ይቆያሉ፤ ሁሉም መንገድ ይችላሉ። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው ስም ራሱ ይህን ይመሰክራል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊትም ከየቤቱ ስንቅ ይዞ ነበር የወጣው። ስለ ጦርነቱ ስንጽፍ መድፉንና ጎራዴውን እንቆጥራለን፤ ስንቁን ለማሰናዳት በየጓዳው የታመሰውን እህል የቆጠረ ግን የለም።

ጣፋጭ የሚባለውስ? ለብዙ ዘመን ጣፋጭ ማለት ማር ነበር። ማር ደግሞ ተራ ነገር አልነበረም፤ ለመንግሥት የሚገበር፣ ለመድኃኒት የሚፈለግ ሀብት ነበር። ከተገኘውም ብዙው ወደ ጠጅ ጋን ይሄድ ነበርና ለልጅ የሚደርሰው በጣት ተጠንቁሎ የሚላስ ወይም በጨጨብሳ ላይ የሚንጠባጠብ ጥቂት ነው። ከምግብ በኋላ ጣፋጭ ማቅረብ በማዕዳችን ሥርዓት ያልነበረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን የለወጠው ስኳር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ሸቀጥ ወደ መሐል አገር መግባቱ ቀለለ። ሆኖም ስኳር የብዙኃኑ ጓዳ ዕቃ መሆን የጀመረው፣ በኢንዶኔዥያ የሸንኮራ አገዳ እርሻው የታወቀው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለ የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ዳር ያቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ ነው። ሸዋ በ1955፣ መተሐራ በ1962 ዓ.ም. ተከተሉ። ብዙ የከተማ ልጅ በአምስት ሣንቲም ደስታን የገዛው ከዚያው ከወንጂ በወጣው «ደስታ ከረሜላ» ነበር።

ስሞቹን ልብ እንበል። ስኳር የሚለው ቃል ራሱ የዐረብኛ ዘር ነው። ሀለዋና ሙሸበክም በዚያው በር ገብተው በሐረርና በድሬዳዋ ጎጆ ወጥተዋል። ሳምቡሳ ከፋርስ ምድር ተነሥቶ አንዱ ጉዞው ወደ ህንድ፣ ሌላው በዐረቦች በኩል ወደ እኛ አድርሶታል፤ ዛሬ በረመዳን ማፍጠሪያ ማዕድ ላይ ከቴምሩ አጠገብ ይቀርባል። ቦምቦሊኖ፣ ከረሜላ፣ ጀላቲ፣ ማርማላታ ደግሞ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ነጩን የስንዴ ዱቄት «ፉርኖ ዱቄት» ስንለው ፉርኖ በጣሊያንኛ ምድጃ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወራሪ ተባሮ ሲወጣ፣ የዳቦ መጋገሪያውና የኬክ ቤቱ ሙያ ግን ቀረ፤ እኛም እንደ ገዛ ሙያችን አደረግነው።

የመጣውን ሁሉ እንዳለ አልተቀበልንም። ኬክ ከኬክ ቤት አልፎ ወደ አብዛኛው ጓዳ አልዘለቀም፤ ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲና ሳምቡሳ ግን ዘለቁ። ለምን? አንደኛው ምክንያት ምድጃው ነው። የእኛ ቤት ምጣድና ድስት እንጂ ኬክ የሚጋገርበት ፉርኖ አልነበረውም፤ በዘይት የሚጠበስ ነገር ግን በከሰል ምድጃም ይሠራል። ሁለተኛው ጾም ነው። ኬክ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ይፈልጋል። በክርስቲያኑ ቤት ከዓመቱ ግማሽ የሚያህለው ጾም በመሆኑ እነዚህ ሁሉ የተከለከሉ ናቸው። ምስር የተጠቀለለበት ሳምቡሳና በዘይት የተጠበሰ ፓስቲ ግን ጾም አይሽሩም። ስለዚህም አንዱ ሳምቡሳ በረመዳንም በዐቢይ ጾምም የሚፈለግ ሆነ። ሁለት ሃይማኖቶች በአንድ መጥበሻ ተገናኙ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ደርግ ወንጂንና መተሐራን በ1967 ዓ.ም. ወረሰ። ከዚያ ወዲህ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን ካርድ የሚታደል ዕቃ ሆነ። ኪሎ ስኳር ለማግኘት ተሰልፎ የዋለ ቤተሰብ ለሻዩ እንጂ ለብስኩት የሚተርፈው አልነበረም። ያኔ የልጆችን መክሰስ ማን ተሸከመ? ያው የጥንቱ ቆሎ፣ ንፍሮና ዳቦ ቆሎ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ደግሞ ከስኳሩም የጠለቀ ነው። የከተማ ሴት ሥራ ውላ ማታ ትገባለች፤ ገብስ ፈትጋ ቆልታ የምታስቀምጥበት ጊዜ የላትም። በስልቻው የሚቀመጠው ድካም ሲቋረጥ ፈጣኑ መክሰስም አብሮ ጠፋ። ክፍተቱን በአንድ በኩል የታሸገ ብስኩት፣ በሌላ በኩል የባልትና መደብር ሞላው። ዛሬ በሶው፣ ጭኮው፣ ዳቦ ቆሎው በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ባህል መጥፋት ያያል። ለእኔ ግን ጥሩም ጎን አለው፤ ትናንት «እጇ ይጣፍጣል» ተብሎ ብቻ ይታለፍ የነበረው ሙያ ዛሬ ዋጋ ተቆርጦለታል፤ ብዙ ሴት ልጆቿን ታሳድግበታለች።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «ቀላልና ፈጣን» የሚለው ቃል ድካሙን ይደብቃል። የቤት መክሰስ ይመለስ ስንል ያንን የቀናት ልፋት እንደ ገና በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ለመጫን ከሆነ ባይመለስ ይሻላል። ዳቦ ቆሎን ለምሳሌ እንውሰድ። ዱቄት በትንሽ ስኳርና ዘይት ይታሻል፤ ሊጡ እንደ እርሳስ ቀጥኖ ይድቦለቦላል፤ በቢላ ወይም በመቀስ ይከረተፋል፤ በምጣድ ይታመሳል። አንድ ሰው ከሠራው አሰልቺ ነው። አባት ሲያሽ፣ ልጆች ሲያድቦለቡሉና ሲቆርጡ፣ እናት ስታምስ ግን የአንድ ከሰዓት ጨዋታ ነው፤ የወር መክሰስም ይወጣዋል። ወደ አሜሪካና ወደ ዐረብ አገር በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬው ጎን የማይጠፋው ይኸው ዳቦ ቆሎ ነው። ለዘማች የተሰናዳው ስንቅ ዛሬም ለስደተኛ ያገለግላል። ተቀባዩ ሲቆረጥመው የሚያጣጥመው ስንዴውን ብቻ አይደለም፤ ያሹለትን፣ የቆረጡለትን፣ ያመሱለትን እጆች ጭምር ነው።