የሱሪው አብዮትና ሱሪ የተከለከሉት ሴቶች

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሄደ ሰው ልብስ መደብር ገብቶ ፓንት ስጡኝ ቢል የሚያመጡለት ሱሪ ነው። እኛም እንግሊዞችም ፓንት የምንለው ከውስጥ የሚለበሰውን ነው። ለአሜሪካኖች ግን ከላይ የሚታየው ሱሪ ፓንት ነው። ቃሉ አንድ፣ ልብሱ ሁለት።

መነሻው ጣሊያን ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጣሊያን የቧልት ቲያትር ውስጥ ፓንታሎኔ የሚባል ስስታም የቬኒስ ነጋዴ ገጸ ባሕርይ ነበር። ስሙ የተወሰደው በቬኒስ ይከበር ከነበረው፣ በእኛም ዘንድ ጰንጠሌዎን ተብሎ ከሚታወቀው ሰማዕት እንደሆነ ይነገራል። ፈረንሳዮች እግር ድረስ የሚወርደውን ሱሪ በዚህ ተዋናይ ስም ፓንታሎን አሉት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቃሉን ወሰዱና ቆረጡት፤ ፓንት የመጣው ከዚያ ነው።

ነገሩ ፖለቲካ የሆነው ፈረንሳይ ላይ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ መኳንንትና ሀብታሞች ከጉልበት በታች የሚታሰር አጭር ሱሪ ይለብሱ ነበር፤ ስሙ ኩሎት ነው። የፓሪስ ሠራተኛና የእጅ ባለሙያ ግን ረጅሙን ፓንታሎን ነበር የሚለብሰው። አብዮቱ ሲፈነዳ እነዚህን ሰዎች ለማንቋሸሽ ሳንኩሎት፣ ማለትም ኩሎት የሌላቸው፣ የሚል ስም ወጣላቸው። እነሱም ስድቡን ተቀብለው መጠሪያና ኩራት አደረጉት። የድሃ ሱሪ የነጻነት ባንዲራ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ነጻነቱ የማን ነበር?

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1789 ዳቦ ጠፋ ብለው ከፓሪስ ቬርሳይ ድረስ በእግር የዘመቱት፣ ንጉሡን ወደ ፓሪስ ያስመጡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1793፣ የአብዮቱ ምክር ቤት ማንም ሰው የፈለገውን መልበስ እንደሚችል ደነገገ። ሲያዩት ያስደስታል። ነገር ግን አንዲት ሐረግ አለችበት፤ ልብሱ የየጾታው መሆን አለበት ትላለች። በማግስቱ ደግሞ ያው ምክር ቤት የሴቶችን የፖለቲካ ማኅበራት ዘጋ።

ናፖሊዮን ሥልጣን በያዘ በዓመቱ፣ ኅዳር 1800፣ የፓሪስ ፖሊስ አዛዥ ነገሩን ጨረሰው። እንደ ወንድ መልበስ የምትፈልግ ሴት ፖሊስ ዘንድ ቀርባ፣ የሐኪም ማስረጃ አሳይታ ፈቃድ ታውጣ አለ። ሱሪ ባንገት አውልቅ ማለት ይኸው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረስና ከብት በመሣል ስመ ጥር የነበረችው ሮዛ ቦነር እንኳ ሱሪ ለብሳ ከብት ገበያ ለመግባት ይህን ወረቀት መያዝ ነበረባት። በ1892 እና በ1909 ደንቡ በጥቂቱ ላላ፤ የፈረስ ልጓም ወይም የብስክሌት መሪ የያዘች ሴት ሱሪ መልበስ ትችላለች ተባለ።

ኋላ ኋላ ደንቡ ቢረሳም በይፋ የሰረዘው አልነበረም። የፈረንሳይ የሴቶች መብት ሚኒስትር ናጃት ቫሎ ቤልካሴም ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚጋጭ ሕጋዊ ዋጋ የለውም ብለው በጽሑፍ ያረጋገጡት በጥር 2013 ነው። ከ212 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ኩሎት ዛሬ በፈረንሳይኛ የሴት የውስጥ ሱሪ ነው። የመኳንንቱ ኩራት የነበረው ቃል እዚያ ወርዷል፤ የድሃው ፓንታሎን ደግሞ የፕሬዚዳንቶችና የሚኒስትሮች ልብስ ሆኗል። ቃል እንዲህ ይወጣል፣ ይወርዳል። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ግን ቃሉ ስለተቀየረ ብቻ አይነሣም።

ስለዚህ አንድ ንቅናቄ ልብስን ወይም ስምን ባንዲራ አድርጎ ሲነሣ፣ ባንዲራውን ከማጨብጨባችን በፊት ሐረጉን እናንብብ። ነጻነት ለሁሉም ተብሎ ሲታወጅ፣ ፈቃድ አውጪ የምትባለው ማን ናት?